አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ካፖርት

ብታምኑም ባታምኑም፣ ይሄ የደረሰው በእኔው ቤት ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከየትም አላነበብኩትም።

ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬ ላይ አርፋለች። ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። የሚያስፈራ ነገር የሚመጣው ሲመሽ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል...

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጠበበውን አሰፋለሁ፣ የሰፋውን አጠባለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና እማዬ ብቻ። የፊተኛው ክፍል ሱቄም ነው፣ ሳሎናችንም ነው።

ታናሽ ወንድም ነበረኝ... ወይስ አለኝ ልበል? እስካሁን የትኛውን እንደምል አላውቅም።

ቁመቱ ሲረዝም ሥጋው አልከተል ስላለው ሰፈሩ በሙሉ "ሸንበቆ" ይለው ነበር። ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለ...

በዚያው ቀረ።

እማዬ ግን አንድ ቀን እንኳ "ሞቷል" ብላ አታውቅም። የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር ካፖርት ትገዛለታለች።

"ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?" ትለኛለች።

እኔ ደግሞ በልኩ አስተካክዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ልኩን በቃሌ ነው የማውቀው። እማዬ አጠገቤ ትቆምና "ትከሻውን ትንሽ ልቀቂለት፤ አሁን ጎልማሳ ሆኗል" ትላለች። እለቅለታለሁ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ግን ለእናቴ ሆድ መቀስም መርፌም ሳውስ ኖርኩ።

ዘንድሮ ጉልበቷን አመማት። ዓይኗም ደክሟል። ገበያ መውጣት ሲያቅታት፣ "በዚያ በስልክሽ እዘዢለት" አለችኝ።

የኦንላይን ገበያ ገባሁ። የሻጩ ስም "አዲስ ልብስ ብቻ" ይላል። ፎቶው ላይ አመድማ ካፖርት አለ፤ ወፍራም፣ መለያ ወረቀቱ ከእጅጌው ያልወለቀ። ከስሩ "አዲስ። ማንም ያልለበሰው" ብሎ ጽፏል።

ከፍዬ አዘዝኩ።

እሽጉ ሲመጣ ደንበኛ ነበረችኝ፤ ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች አስተማሪ። እሷ ፊት ከፈትኩት።

ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሚያየው የእጅጌውን ጫፍና የኮሌታውን እጥፋት ነው። ሁለቱም አልቀዋል። ያገለገለ... ያውም ክፉኛ ያገለገለ ልብስ ነው።

"ሰልባጅ ነው እንዴ የላኩልሽ?" አለች አስተማሪዋ። "ኧረ ዝም እንዳትዪያቸው!"

ደሜ ፈላ። እዚያው ቁጭ ብዬ ቅሬታ ከፈትኩ። ምን እንዲደረግልኝ እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ፣ "ዕቃው ተመላሽ ይሁን" የሚለውን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነዎት? አለኝ። አዎ አልኩ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ... እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ሻጩ ወዲያው መለሰልኝ።

"እህቴ፣ አዲስ ነው። ማንም አልለበሰውም።"

"እጅጌው አልቋል እኮ!"

"ፋሽኑ ነው።"

ዓይን ያወጣ ውሸት! ሳልወድ በግዴ ሳቄ መጣ። ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ላነሳ ካፖርቱን ገለበጥኩት። ኮሌታውን ቀና አደረግኩና የገበሩን ጫፍ ገለጥኩ...

እዚያ ስር አረንጓዴ አበባ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ነበር።

ክው አልኩ።

ያ ጨርቅ የእኔ የልጅነት ቀሚስ ነው። አባታችን ሲሞት ካፖርቱን ፈትቼ ለሸንበቆ እንደገና ሰፋሁለት። አንገቱ ጋ ጨርቁ አልበቃ ሲለኝ ከቀሚሴ ቆርጬ ሞላሁት። "የሴት አበባ አሸክመሽ ልትልኪኝ ነው?" ብሎ ስቆብኝ ነበር።

ለብሶት ነው የሄደው።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ አስተማሪዋ።

"ምንም..." አልኩ።

እማዬ ከጓዳ ጮክ ብላ "መጣ እንዴ ካፖርቱ?" አለች።

"መጥቷል... ግን አልሆነም። ይመለሳል" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አስተማሪዋን ሸኝቼ በሩን ቆለፍኩና ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ጎንና ጎኑ ጠቧል። ያጠበብኩት እኔ አይደለሁም። በእጅ የተሰፋ ነው፤ እንደ ዶሮ ዱካ ጠማማና የተራራቀ። እጁን አወቅኩት። ሸንበቆን መርፌ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ መስፋት አልቻለም ነበር።

እኛ እዚህ ትከሻውን ስናሰፋለት፣ እሱ እዚያ ወገቡን ሲያጠብ ነው የከረመው...

ከዚያ ቋጠሮውን ፈለግኩ። የሚሰፋ ሰው ሁሉ ክሩን ሲጨርስ የሆነ ቦታ ይቋጥራል።

በላይ በኩል የለም።

በገበሩ በኩልም የለም።

ገበሩን ተርትሬ ገለጥኩት። ቋጠሮው በጨርቁና በገበሩ መካከል ነበር... በውስጥ።

እዚያ መካከል እጅ አይገባም። ገበሩ ራሴ የሰፋሁት ነው፤ ክሩ የእኔው ክር፣ ማንም አልነካውም። እዚያ መካከል ሆኖ የሰፋ ሰው ካልኖረ በስተቀር...

ቢሆንም ጠማማውን ስፌት ተረተርኩና አሰፋሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ካሰፋሁት የሚወፍር መስሎኝ ይሆናል። ገበሩን መልሼ ሰፍቼ ሰቀልኩት።

ጠዋት ሳየው ጠቦ ነበር።

ከበፊቱ ይበልጥ። ክሩ እርጥብ ነው። ኮሌታውን ስነካው ደግሞ... ለብ ይላል። ሰው አሁን ያወለቀው ይመስላል።

እንደገና ተረተርኩት። በማግስቱም ጠቦ አገኘሁት፤ ከሁሉም የባሰ። ያኔ እጄን ሰበሰብኩ። ሰው ከከሳ ከሳ ነው፤ ልብሱን ብትተረትሩት ምን ይጠቅመዋል? መቀሱን አስቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ እንዳትሰማኝ የስፌት መኪናዋን በባዶው እያስጮህኩ...

ለሻጩ ጻፍኩለት።

"ከየት ነው ያመጣኸው? እባክህ። የለበሰው ልጅ ወንድሜ ነው።"

"አዲስ ነው።"

"ብሩን አልፈልግም። ከየት እንዳገኘኸው ብቻ ንገረኝ።"

"እህቴ፣ ማንም አልለበሰውም።"

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ይሄም ሰውዬ እውነት መናገር ትርፍ እንዳለው እያየ እንኳ መዋሸቱን አልተወም።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከገበያው ቅሬታ ክፍል ነው። ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት።

"እንኳን ደስ አለዎት፤ ጉዳዩ ለእርስዎ ተወስኗል።"

"ምን ተብሎ?"

"ሻጩን የዕቃውን የራሱን ፎቶ አምጣ ብለነው ነበር። ከማሸጉ በፊት ያነሳውን ላከ። ፎቶው ላይ ግን ካፖርቱን ሰው ለብሶታል።" ሳቅ አለች። "የተለበሰ ልብስ አዲስ አይባልም። በገዛ ማስረጃው ተረታ።"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቅሬታዬ ላይ የተያያዘውን ፎቶ ከፈትኩት።

ነጭ ግድግዳ። ሚስማር። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለ ካፖርት።

ባዶ ካፖርት።

"እህቴ... ማን ነው የለበሰው?"

"ልጅ እግር ነው። ረጅም፣ ቀጭን።"

"ፊቱ ይታያል?"

"አይ፣ አቀርቅሯል።" ፎቶውን መልሳ ሳታየው አልቀረችም። "እ... ቅድም አቀርቅሮ ነበር መሰለኝ።"

"አሁንስ?"

ስትተነፍስ ብቻ ይሰማኛል።

"አሁንስ? እባክሽ..."

"ወደዚህ እያየ ነው" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ "ነገ ከቀትር በኋላ መጥተው ይወስዱልዎታል፤ ይቅርታ" ብላ ዘጋችው።

ፎቶውን አተለቅሁት። አሳነስኩት። ስልኩን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ግድግዳው፣ ሚስማሩ፣ ካፖርቱ... ሌላ ምንም የለም። "ሸንበቆ" አልኩት ስልኩን እንደ ሞኝ። "ሸንበቆዬ..."

የማታውቀው ባዳ ያየችውን ወንድሜን እኔ ማየት አልቻልኩም። ከፍርሃቱ ሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ለካ እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ያ የደከመ ዓይኗ... መርፌ ላይ ክር ማሾለክ ከተወች ቆይታለች። ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።

"ውይ ልጄን..." አለች ቀስ ብላ። "ምነው እንዲህ ከሳብኝ?"

"እማዬ... ይታይሻል?"

"የወለድኩትን ላጣው ነው እንዴ?" በአውራ ጣቷ ስክሪኑን ዳበሰችው። "ካልሲ እንኳ አላደረገም..."

ከዚያ በኋላ ምን እደብቃታለሁ? ሁሉንም ነገርኳት። ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ቆርጬ ነበር፤ አልመልስም። ቅሬታውን ልሰርዝ ብሞክር "ጉዳዩ ተዘግቷል" አለኝ። ይዘጋ! ሊወስዱ ሲመጡ በሩን አልከፍትላቸውም። ከወንድሜ ከዚህ ሌላ ምን ቀረልን?

አመሻሹ ሳይደርስ ሻጩ ጻፈልኝ።

"አካውንቴን ሊዘጉት ነው። ከዚህ በኋላ ብዋሽ ምንም አላተርፍም።"

ወዲያው ሌላ መልእክት ተከተለ።

"ከሰልባጅ እሽግ ውስጥ ነው የወጣው። ፎቶ ሳነሳው ለእኔ ባዶ ነው። ሰዎች ግን 'የለበሰው ልጅ ምን ሆኖ ነው?' እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ስለዚህ የሌላ አዲስ ካፖርት ፎቶ ለጠፍኩ።"

"ከዚያስ?"

"የገዛው ሁሉ መልሶታል። ግን አንድም ጊዜ ከካርቶኑ ጋር መጥቶ አያውቅም። ካርቶኑ ባዶውን ይደርሰኛል። ካፖርቱን ቆይቶ መጋዘኔ በር ላይ አገኘዋለሁ... እርጥብ ሆኖ፣ ኪሱ አሸዋ ሞልቶ።"

"በመካከል የት ይሄዳል?"

"አላውቅም። እውነቴን ነው እህቴ፣ አላውቅም።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የዚህኛው ግን ከጠራም በኋላ ጨለማ ነበር።

ለእማዬ አነበብኩላት።

"ወደ እሱ ነዋ የሚሄደው" አለች። "የት ሊሄድ ኖሯል?"

"እማዬ፣ እኛ ጋ ይቅር... ሌላ ምንም የለንም እኮ።"

"እኛ ሰቅለን ስናየው፣ እሱ ራቁቱን ሊቆም?"

እጅጌውን በመዳፏ ዳበሰችው።

"በርዶታል ልጄ። ለዚህ እኮ ነው የሚያጠበው። ነፋሱ እየገባበት ነው።" ተነሳች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ በየዓመቱ ስትገዛለት የነበረውን ካፖርት በሙሉ እያወረደች ጠረጴዛዬ ላይ ከመረችው። "ገበራቸውን ፍቺ። ወፍራም ወፍራሙን አውጪና ለእሱ ክተቺለት።"

በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ሰፋን። እሷ ትፈታለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ማንም ለብሷቸው የማያውቅ ካፖርቶች ወለሉ ላይ ተዘርግተው ቀሩ። እጅጌውን ደረብኩለት። ኮሌታውን ለወጥኩለት፤ አበባዋን ግን አልነካኋትም። እማዬ የሱፍ ካልሲ አምጥታ ኪሱ ውስጥ ከተተች።

ጎኑ ጋ ስደርስ መቀሱን አንስቼ አየኋት። ይሄኔ ነበር "ልቀቂለት" የምትለኝ።

"በልኩ አድርጊው" አለች። "አሁን ባለበት ልክ..."

ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ መርፌው ጠፋኝ። እማዬ ግን አላለቀሰችም።

የመጨረሻዋን ስፌት ስወጋ ክሩን ለመሳብ እጄን ዘረጋሁ...

ክሩ ከውስጥ ተሳበ።

በኃይል አይደለም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያግዝ ሰው። ጠበቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ በጨርቁና በገበሩ መካከል የሆነ ነገር ጠምዘዝ ጠምዘዝ ሲል በጣቴ ተሰማኝ...

እየቋጠረ ነበር።

"አየሽው?" አልኳት እማዬን።

"ዝም በይ" አለች በሹክሹክታ። "ይጨርስ።"

ሲጨርስ ክሩ ላላ። ቆረጥኩት። አጣጥፌ ካርቶን ውስጥ አስተኛሁትና በፕላስተር አሸግኩት። ካርቶኑን በአንድ እጄ ብብቴ ስር ይዤ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ይሄን ልብ በሉልኝ። በአንድ እጄ ነው። ቀላል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።

ዕቃ አድራሹ ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ነው። "ይቺ ብቻ ናት?" ብሎ ጎንበስ አለ።

ካርቶኑ አልተነሳለትም።

"ምን ከታችሁበት እህት?" ሳቀ። "ብረት ነው?"

"ካፖርት ነው..."

እግሩን ከፈት አድርጎ እንደገና ሞከረ። አንገቱ ላይ ጅማቱ ተገተረ። ካርቶኑ ከመሬት ትንሽ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሳቁ ጠፋ። አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ እኔን አየ።

"ጓደኛዬን ልጥራው" አለ።

ከመኪናው ውስጥ ሌላ ሰው መጣ። አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ ሆነው ያዙት። "አንድ፣ ሁለት!" ብለው አነሱት። ሁለቱም ጎበጥ አሉ።

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ካርቶኑ በፊቷ ሲያልፍ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የኋለኛው ካርቶኑን ሊያዘነብል ሞከረ።

"ቀስ... ቀስ በል እንጂ!" አለ የፊተኛው። "ጭንቅላቱ በእኔ በኩል ነው።"

ሁለቱም ቆሙ።

"የምኑ ጭንቅላት?" አለ ጓደኛው።

ከፊተኛው ግንባር ላብ ይንጠባጠባል። ለምን እንዳለው እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ያኔ ነው የእማዬ ድምፅ የወጣው። ጩኸት አይሉት ለቅሶ... ስሙን ነው የጠራችው። ሸንበቆ ብላ አይደለም፤ ራሷ ያወጣችለትን፣ እኔ እንኳ ከሰማሁት የቆየሁትን ስሙን። በየፎቁ በሮች ተከፈቱ። ከታች ዕቃ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ግድግዳውን ተጠግተው መንገድ ለቀቁ። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። የካርቶን ሳጥን መሆኑን እያዩ፣ አንዱ አዛውንት ኮፍያቸውን አወለቁ።

እማዬ የካርቶኑን ጎን በመዳፏ ደግፋ አብራ ትወርዳለች።

"ቀስ በሉ ልጆቼ..." ትላቸዋለች። "ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።"

"እሺ እማማ" አለ የፊተኛው።

መኪናው ላይ ጫኑትና በሩን ዘጉት። እኔ የደረጃው በር ጋ ቆሜ ቀረሁ።

መኪናው ተነሳ። እማዬ መዳፏን የኋላው በር ላይ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ተከተለችው። በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሃል... መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው።

ሹፌሩ ዞር በይ አላላትም። መኪናውን የሚነዳው በእሷ እርምጃ ልክ ነበር።